የእንግሊዝኛ መምህራን የሁለተኛ ዲግሪ ሥልጠና ከመማሪያ ክፍል አይራቅ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ስላደረገ፣ ተማሪዎቻችን ፊዚክሱንም ታሪኩንም የሚከታተሉት በዚሁ ቋንቋ ነው፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ ድክመትም በአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ተወስኖ አይቀርም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የማስተማር ሙያን በሁለተኛ ዲግሪ ማስተማሩ ለእኛ ለመምህራን ትልቅ ዕድል ነው። ሆኖም በየትኛውም ተቋም የሚሰጥ እንዲህ ያለ ሥልጠና፣ ከንድፈ ሐሳቡ ባሻገር፣ ተማሪ በተጨናነቀበት ክፍል ንግግርን እንዴት ማለማመድ፣ የድርሰት እርማትንስ (ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው) እንዴት ለሁሉም ማዳረስ እንደሚቻል በተግባር ሊያሳይ ይገባል። ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ስለሆኑ፣ ሠልጣኞች ልምድ ያለው መምህር እየተከታተላቸው አንድ መንፈቀ ዓመት እንዲያስተምሩባቸው፣ የመመረቂያ ጥናታቸውም ከዚያው ክፍል ችግር እንዲነሣ ቢደረግ መልካም ነው እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህር፣ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ