ከመውጋታችሁ በፊት ንገሯቸው

ለአዘጋጁ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። ይሄን የምጽፈው በታናሽ እህቴ ምክንያት ነው። እንዳገባች ትምህርቴን ልጨርስ ብላ ጤና ጣቢያ ሄዳ የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ጀመረች፣ ሁለት አመት ተወጋች፣ ከዛ በቃ አሁን እንውለድ ተባባሉና አቆመች። ወሩ ይሄዳል ምንም የለም፣ ፔሬዷም ራሱ አልተመለሰም። ስምንተኛው ወር ላይ አማቷ መርፌው ማህፀኗን አድርቆታል ማለት ጀመሩ፣ ጎረቤትም ጨመረበት፣ ጸበል ተመላለሰች፣ ማታ ማታ እየደወለችልኝ ታለቅስ ነበር፣ ባሏም አምሽቶ መግባት አመጣ።

በመጨረሻ አንዲት የማህፀን ሐኪም ጋ ይዣት ሄድኩ። ዶክተሯ መጨረሻ የተወጋሽው መቼ ነው ብላ ወሩን ቆጠረችና ገና ነው አትጨነቂ አለቻት። ለካ መድሃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ እያለ ስለሆነ መርፌው ቆመ ማለት እንቁላሉ ወዲያው መውጣት ይጀምራል ማለት አይደለም፣ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ ወደ 10 ወር ይፈጃል፣ አንዳንዷ ላይ አመት ከመንፈቅም ይደርሳል፣ መካን ግን አያደርግም። እህቴ በ13ኛው ወር አረገዘች፣ ልጁ አሁን ዳዴ ይላል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ሁሉ እንባ በሁለት ደቂቃ ንግግር ሊቀር ይችል የነበረ መሆኑ ነው። ሲወጓት የነገሯት የቀጠሮ ቀን ብቻ ነው። በቅርቡ መውለድ ታስቢያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም፣ ቢጠይቋት ኖሮ ክንድ ላይ የሚቀበረው አለ፣ ማህፀን ውስጥ የሚገባው ሉፕ አለ፣ እንክብል አለ፣ እነዚህ ሲቆሙ ማርገዝ ቶሎ ነው የሚመለሰው።

ደግሞ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። በ2011 ዓ.ም በተደረገው የስነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ 100 ሴቶች 41ዱ ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀማሉ፣ ከነሱ 27ቱ መርፌ ነው። ሳይነገራት የቀረች ሴት የሰፈሩን ወሬ ነው የምታምነው፣ ወሬውን ፈርታ ሳትወጋ ቀርታ ያላሰበችውን ያረገዘች ጎረቤት አለችኝ።

እባካችሁ አንድ የማህፀን ሐኪም አቅርባችሁ በሰፊው አስረዱልን። መርፌ አቁማችሁ የምትጠብቁ እህቶች፣ አመት ከመንፈቅ ካለፈ፣ እድሜያችሁ ከ35 በላይ ከሆነ ደግሞ ከዛም ቀድማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ባላችሁም አብሯችሁ ይመርመር።