ሞዴስ በመድረክ አይታደል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ዶርም ፕሮክተር፣ ማለትም የተማሪዎች መኖሪያ ተቆጣጣሪ ነኝ። በዚህ ሥራ 11 ዓመቴ ነው። የግቢውን ስም አልጠራም። የምጽፈውም የአንድ ግቢ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከሌላ ቦታ ፕሮክተሮች ጋር ስንገናኝ የምናወራው ሁሌም ይኸው ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ጋዜጣችሁ ስለ ማርች 8፣ የሴቶች ቀን፣ አከባበር ይዞት የወጣው ፎቶ ነው። ሴት ተማሪዎች ተሰልፈው ከክብር እንግዳው እጅ በፌስታል የታሰረ ሞዴስና ሳሙና ይቀበላሉ። እንግዳው ካሜራውን ያያሉ። ልጆቹ መሬት መሬት ያያሉ። የሰጡት ሰዎች ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ፎቶው ከተነሳ በኋላ ዶርም ውስጥ የሚሆነውን የማየው እኔ ስለሆንኩ ልናገር።

የዛሬ ሁለት ዓመት በዚሁ ቀን፣ የካቲት 29፣ እኛም አዳራሽ ገብተን ነበር። ቲሸርት ታድሏል፣ ኬክ ተቆርሷል፣ ንግግር ተደርጓል። ከዚያ «ድጋፍ የሚደረግላቸው ሴት ተማሪዎች» ተብሎ ስም በማይክ ይጠራ ጀመር። አንዷ የእኔ ብሎክ ልጅ ናት። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ከሩቅ ገጠር የመጣች፣ ጎበዝ። ስሟ ሲጠራ ከጎኔ ተቀምጣለች። ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ አንገቷን ደፋች። ደግመው ጠሯት። በሦስተኛው ተነሳች። ወደ መድረኩ የምትሄድ መስሎኝ እግሬን ሰብስቤ አሳለፍኳት። እሷ በጎን በር ወጣች። ማታ ሄጄ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ የክላሴ ልጆች በሙሉ እዚያ ነበሩ» አለችኝ። ሌላ ቃል አልወጣትም።

ሞዴሱ አያስፈልጋትም ነበር ማለት አይደለም። በጣም ያስፈልጋታል። በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ከክላስ ትቀር ነበር። ስጠይቃት «ሆዴን ነው» ትለኛለች። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የድሮ አንሶላ እየቀደደች ነበር የምትጠቀመው።

በ2017 የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ሲል እሰየው ብለናል። ልጅ ካልበላ አይማርም። ታዲያ የሴት ተማሪ የወር አበባ ለምንድን ነው ከበጀት ውጪ የሚቀረው? ዳቦና ሻይ የሚገዛው በዕቅድ ነው። ሞዴስ ግን አንድ ደግ ሰው ትዝ ሲለው ብቻ ይመጣል። ያውም በዓመት አንዴ፣ ያውም በጭብጨባ። የወር አበባ የካቲት 29ን ጠብቆ አይመጣም።

ስለ ሞዴስ ካነሳሁ አይቀር፣ መቀሌ ላይ ፋብሪካ ከፍታ የሚታጠብ ሞዴስ የምታመርተው ፍሬወይኒ መብራህቱ በፈረንጆቹ 2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ ስትሸለም ሁላችንም ኮርተናል። እንዲህ ያለው ሞዴስ አንዴ ከተገዛ ደጋግሞ ያገለግላል። ለተማሪ ኪስ የሚሆን ነው። ግን ውሃ ይፈልጋል፣ ፀሐይም ይፈልጋል። እኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው በፈለገው ቀን ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቧንቧው እፍ እፍ ማለት ሲጀምር አንዷ «መጣ!» ብላ ትጮሃለች። ከዚያ ኮሪደሩ በሙሉ የጀሪካን ድምፅ ነው። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ሦስተኛ ፎቅ አውጥታ፣ አንድ ሰዓት ተኝታ፣ 2 ሰዓት ክላስ ትገባለች። ፈተና ባለበት ቀንም ያው ነው። የታጠበውን ሞዴስ ደግሞ ሰው እንዳያይ ከፎጣ ሥር ደብቀው ነው የሚያሰጡት። ከፎጣ ሥር አይደርቅም። እርጥቡን ይለብሱታል። ክሊኒክ ሲሄዱ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፣ በወሩ ተመልሰው ይሄዳሉ። ከዶርሙ ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች፣ ፀሐይ የምታገኝ አንዲት የልብስ ማስጫ ስንት ታወጣለች?

መብራትም አለ። ከላይብረሪ እስከ ሴቶች ዶርም ያለው መንገድ ላይ አራት ምሰሶ ቆሟል። የሚበራው አንዱ ነው። ፈተና ሲደርስ ወንዶቹ እስከ እኩለ ሌሊት ስፔስ (የማጥኛ ቦታ) ይዘው ያጠናሉ። የእኔ ልጆች ምሽት 2 ሰዓት ላይ ደብተራቸውን ሰብስበው፣ አምስት ስድስት ሆነው፣ ስልካቸውን እያበሩ ይመጣሉ። ዶርም ደግሞ ማጥናት አይቻልም። የምትተኛ አለች፣ የምታወራ አለች። የአራት ሰዓት ጥናት በየምሽቱ የሚቀርባት ልጅ ውጤት ሲወጣ «ሴቶች ይከብዳቸዋል» ይባላል። የከበዳት ጨለማው ነው።

ይህን ስል «አፈርማቲቭ (ለሴቶች የሚደረግ ልዩ ድጋፍ) አላቸው አይደል እንዴ» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ አላቸው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ ሴቶች የወረሱት የበታችነት ታሪክ ታስቦ ተጨማሪ ድጋፍ ይገባቸዋል ይላል። ለሴቶች መግቢያ ነጥብ ዝቅ የሚደረገው ለዚህ ነው። ነገር ግን ልጅቷ ከገባች በኋላ ያ ቃል ስድብ ይሆንባታል። ቡድን ሥራ ላይ ሐሳብ ስታቀርብ «አንቺ በአፈርማቲቭ ነሽ» ብለው ያስቆሟታል። በ2015 ጥቅምት በየዩኒቨርሲቲው የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ፈተና አስታውሱ። ከ100 ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3 ያህሉ ብቻ ነው። ያን አልፋ የገባች ልጅ ራሱ ይህን ስትባል ሰምቻለሁ። ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ ሁለት ፎቶ ለጠፍኩ። አንዷ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች መጀመሪያ ሙሉ ፕሮፌሰር የሆኑት የባዮሎጂዋ ያለምፀሐይ መኮንን ናቸው። ሌላዋ ከፍኖተ ሰላም ተነስተው የዓለም ሳይንቲስት የሆኑት ሰገነት ቀለሙ። ልጆቹ ሲያልፉ ቆም ብለው ያነባሉ። አንዷ «ፍኖተ ሰላም የእኛ አገር እኮ ነው!» ብላ ፎቶውን በስልኳ አነሳችው።

አሁን ወደ ብዝኃነት ልምጣ። ይህም ቃል አዳራሽ ያውቀዋል። ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስ ልጆቹ የባህል ልብስ ለብሰው ይጨፍራሉ። ደስ ይላል፣ እኔም አብሬ አጨበጭባለሁ። በማግስቱ ልብሱ ተመልሶ ይታጠፋል። ብዝኃነቱ ግን ከዶርም አይወጣም። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት አልጋ አለ። ትምህርት ሚኒስቴር መድቧቸው አንዷ ከጎዴ፣ አንዷ ከዲላ፣ አንዷ ከደብረ ታቦር፣ አንዷ ከባሌ ይመጣሉ። ብዙዎቹ ከቤታቸው ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። አንዷ ስትጾም ሌላዋ ጾም ትፈታለች። በረመዳን ሌሊት ሱሑር የሚነሱ አሉ፣ እሑድ ንጋት ኪዳን የሚሄዱ አሉ። በር ሲከፈት ሁሉም ይነቃል። የመጀመሪያው ወር ጭቅጭቁ ይህ ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ «እንዲህ ትኖራላችሁ» ያላቸው የለም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት አንዲት ፍሬሽ (የአንደኛ ዓመት ተማሪ) ከሶማሌ ክልል መጣች። አማርኛ አታውቅም። ሁለት ሳምንት ዝም አለች። ክፍሏ ያሉት ልጆች «ኩራተኛ ናት» ብለው ደመደሙ። አንድ ሌሊት ተጠቅልላ ስታቃስት ጠሩኝ። ክሊኒክ ይዘናት ሄድን። ተረኛው ነርስ ወንድ ነው። እሷ ግድግዳውን እያየች ታለቅሳለች እንጂ አትናገርም። ከላይኛው ፎቅ አንዲት የድሬዳዋ ልጅ ቀሰቀስኩ። የድሬ ልጅ ታውቋት የለ፣ ሶማልኛም ኦሮምኛም አማርኛም እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። በፒጃማዋ ነጠላ ደርባ መጣች። ነርሱን ወጣ በል አለችው። ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብላ አነጋገረችና ለሴቷ ሐኪም በስልክ አስረዳች። ልጅቷ በማግስቱ ተሻላት። የድሬዋ ልጅ ግን ከዚያ ወዲያ እስክትመረቅ ድረስ የግቢው አስተርጓሚ ሆና ቀረች። ክሊኒክ፣ ሬጅስትራር፣ የፖሊስ ጥያቄ ሳይቀር እሷ ትጠራለች። አንድ ብር አልተከፈላትም። ምስጋና እንኳ በወረቀት አልተጻፈላትም። ብዝኃነትን የሠራችው እኮ እሷ ናት። እንዲህ ያሉ ልጆችን መዝግቦ በሰዓት ትንሽ ክፍያ መስጠት ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ከባድ ነው?

ይህ ዝግጅት ሳይኖር ሲቀር የሚመጣውን ደግሞ አይቼዋለሁ። በ2012 ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በግጭት ተማሪዎች ሲሞቱ ወሬው እኛ ጋ ለመድረስ አንድ ሌሊት አልፈጀም። ግቢው ተረበሸ። የእኔ ብሎክ ጥግ ክፍል ውስጥ አራት ቋንቋ የሚናገሩ ስድስት ልጆች ሎከሩን በር ላይ ገፍተው፣ ሦስት አልጋ አጋጥመው አብረው አደሩ። አንዳቸውም ሌላዋን አልከዱም። በዚያው ዓመት ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲጓዙ ከታገቱት ተማሪዎች አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ አባቶች እየደወሉ «ልጄን ልላክ ወይስ ልያዝ?» ይሉኝ ነበር። ለወንድ ልጁ እንዲያ ብሎ የደወለልኝ አባት የለም። የዚያን ጊዜ የምመልሰው ጠፍቶኝ ነበር። ዛሬም አንዳንድ ቀን ይጠፋኛል።

ሥርዓተ ፆታ ቢሮ አለን። ኃላፊዋ ጥሩ ሰው ናት፤ ግን አስተማሪም ናት፣ ሙሉ ክሬዲት ታስተምራለች። ቢሮው ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:30 ነው የሚከፈተው። በዚያ ሰዓት ልጆቹ ክላስ ናቸው። በማርክ የሚያስፈራራት መምህር ሲያጋጥማት ልጅቷ የምትነግረው ለማን ነው? ለእኔ። በሌሊት፣ በፒጃማ። እኔ ደግሞ አልጋ የምመድብ፣ ቁልፍ የምይዝ ሰው ነኝ። ምክር የተማረች፣ ማታ የምትገኝ አንዲት ሴት ባለሙያ ብትመደብ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን ለመቃወም ኅዳር 16 የሚደረገው ነጭ ሪባን ትርጉም ይኖረው ነበር።

በጎ ሥራ የለም አላልኩም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የተጀመረው «የሎው ሙቭመንት» (ቢጫ እንቅስቃሴ) የተባለው የሴቶች መብት ቡድን ልጆች በቫለንታይን ቀን አበባ እየሸጡ ለተቸገሩ ሴት ተማሪዎች ገንዘብ ሲያሰባስቡ ቆይተዋል። ይህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ሰዎቹ የገዙት አበባ ነው። የተረዳችውን ልጅ ፊት ማንም ማየት አላስፈለገውም።

እኔም ቢሮዬ ውስጥ አንድ መሳቢያ አለችኝ። ጂሲ (ተመራቂ) ሆና የወጣች ልጅ ግማሽ እሽግ ሞዴስ ትታልኝ ሄደች፤ እዚያ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሌላዋ ጨመረች። ሥራ ከያዙ በኋላ የሚልኩም አሉ። መዝገብ የለውም። የፈለገች ገብታ ትወስዳለች፣ ያላት ትተካለች፣ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። ግን መሳቢያ የግቢ በጀት አይሆንም። ባዶ የምትሆንበት ሳምንት አለ።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲዎቻችን አመራሮች ሞዴሱን በየብሎኩ፣ በየወሩ፣ ያለ ስም ዝርዝር እንዲያስቀምጡ እለምናለሁ። ለቲሸርት የወጣው ብር ሦስቱን አምፖል ያበራል። እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። የሚቀጥለው ማርች 8 ላይ ፎቶ ስታነሱ የተቀባይዋን ፊት አታውጡ። ቧንቧውን አንሱ። መንገዱን በማታ አንሱ።

ከአዳራሹ የወጣችው ልጅ ዘንድሮ ጂሲ ናት። ኖን ካፌ (በግቢው ካፌ የማትመገብ) ስለሆነች በምግቡ ፈንታ በእጇ የሚከፈላት ትንሽ ብር አለች። ባለፈው ሰኞ ሁለት እሽግ ይዛ ቢሮዬ መጣች። መሳቢያውን ራሷ ከፈተች፣ ራሷ ዘጋች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «እትዬ፣ ስሜን ለማንም እንዳይናገሩ» አለችኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሴቶች ዶርም ፕሮክተር