አባዬ፣ ለሐኪሙ እውነቱን ንገረው

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ማታ ማታ የሚያሳክክህ ነገር ቀለል አለልህ? ትንሿ አንድ ጥርሷ ወልቆ «ለአያቴ ነው» ብላ በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣልሃለች። ትልቁ ሒሳብ ወዷል፣ በአንተ ሳይወጣ አልቀረም። ዓይንህ ቢጫ መሆኑን ቀድማ ያየችው ትንሿ እንደሆነች ታስታውሳለህ? እኛ ትልልቆቹ አላየነውም።

ይኸው፣ ስለ ልጆቹ እያወራሁ ነገሬን እሸሻለሁ።

ሐኪሙ «መጠጥ ይጠጣሉ?» ሲልህ «አልፎ አልፎ» አልከው። እኔ አጠገብህ ነበርኩ። ጫማዬን እያየሁ ዝም አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደንብ ተኝቼ አላውቅም።

የላብራቶሪ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈህ ጃኬትህ ኪስ ከመክተትህ በፊት ፎቶ አንስቼዋለሁ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የሐሞት ቱቦ እንደ አንተ በጠጠር ሲዘጋ ሐሞቱ ወደ አንጀት መውረዱ ይቀርና ወደ ደም ይመለሳል። ዓይን ቢጫ የሚሆነው፣ ሽንት የሚጠቁረው፣ ሰገራ የሚነጣው ለዚህ ነው። ኤኤልፒ እና ጂጂቲ የሚባሉት ኢንዛይሞችም ደም ውስጥ አብረው ከፍ ይላሉ። ጂጂቲን ግን ቱቦው ባይዘጋም መጠጥ ብቻውን ከፍ ያደርገዋል። የአንተ ምን ያህሉ ከጠጠሩ፣ ምን ያህሉ ከጠርሙሱ እንደሆነ ሐኪሙ በምን ይወቀው? ጠጠሩ ወጥቶ ቁጥሩ አልወርድ ቢል፣ ሌላ ጠጠር ቀርቶ ይሆን እያሉ እንደገና ሊያንገላቱህ ነው። ደግሞ ወረቀትህ ላይ ኤኤስቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ኤኤልቲ ከሚባለው እጥፍ ይበልጣል። መጠጥ የጎዳው ጉበት ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ይህን ነው። ወረቀቱ እኮ ተናግሯል አባዬ፣ ዝም ያልነው እኔና አንተ ነን።

ልጅ ሆኜ ሰው በር ሲያንኳኳ «አባቴን ራሱን አሞት ተኝቷል በይ» ትለኝ ነበር። እል ነበር። 9 ዓመቴ ነበር፣ ጎበዝ ዋሾ ሆኜ ነበር። እማዬ ጓዳ ሆና ትሰማኝ ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ ወጥታ አላስጣለችኝም። ያሳደግከኝ፣ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ አልረሳውም። ያንን በር ግን ይቅር ያልኩህ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ ፊት እንደዚያችው ልጅ ስሆን ነው አለማለቴን ያወቅኩት።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ሌላ ነው። ለጠጠሩ ሆስፒታል ስትተኛ መጠጡ በአንዴ ይቋረጣል። ለዓመታት የለመደው ሰውነት በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ካወቁ አስቀድመው መድኃኒት ይሰጡሃል። ካላወቁ ግን በድንገት ይደርስባቸዋል። ጠዋት ጠዋት ኩባያውን በሁለት እጅህ የምትይዘው ለሙቀቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ እስከዚያው ቤት ውስጥ ብቻህን በአንዴ ለማቆም አትሞክር፣ አደራ። ለራስ ምታትም ፓራሲታሞል ሳትጠይቅ አትዋጥ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለህ በሌሊትም ቢሆን ደውልልኝ። ቱቦው ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ሐሙስ ጠዋት መጥቼ እወስድሃለሁ። ከአፍህ ቢወጣ ደስ ይለኛል። ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ፣ አንተ እዚያው ተቀምጠህ። ትቆጣኝ ይሆናል። ተቆጣኝ።

ወረቀቱን ጃኬትህ ኪስ ውስጥ እንዳትረሳው።

ልጅህ