ለልጄ፣ ልጆቹ ቤት ለሚውሉበት ክረምት

ልጄ፣ የኔ እመቤት፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ከገባችሁም የመጀመሪያው ክረምታችሁ ነው። በስልክ እየተቆራረጠ አልነገር ያለኝን በጽሑፍ ላድርሰው ብዬ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ውሃው ነው። ከብሎካችሁ ጀርባ ድንጋይ የወጣበት ካባ አይቻለሁ። በጋውን ደረቅ ጉድጓድ ነው፤ ሐምሌ ሲገባ ሞልቶ የሰፈር ልጅ ሁሉ መዋኛ ይሆናል። እንዲህ ያለው ጉድጓድ ቀስ እያለ አይጠልቅም። ቁርጭምጭሚት ላይ የነበረው ውሃ በሚቀጥለው እርምጃ ከራስ በላይ ይሆናል፤ ልውጣ ሲሉ ጭቃው ያንሸራትታል፤ ድፍርስ ስለሆነም የሰመጠው አይታይም። የሚሰምጥ ልጅ ደግሞ አይጮህም፤ አፉ ውሃ ውስጥ ነውና ዝም ብሎ ነው የሚወርደው። ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ልቤን የሰበረው ሁለተኛው ልጅ ነው፤ ጓደኛውን ሊያወጣ ገብቶ አብሮ የሚቀረው። ስለዚህ ለማሙሽ "ውሃ ዳር እንዳትደርስ" ማለት ብቻ አይበቃም። ጓደኛው ቢወድቅ ተከትሎ እንዳይገባ፣ ሰው እንዲጠራ፣ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን እንዲወረውርለት ንገሪው። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ትልቅ ሰውም ያንሳፍፋል። በቃል ብቻ ሳይሆን ግቢ ውስጥ አስወርውሪው፤ እጁ ይልመደው።

ወደ እኔ ሲመጡም ወንዙን ፍሪው። እዚህ ፀሐይ ወጥቶ እንጦጦ ላይ ከዘነበ ቀበና ድንገት ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋ የሆነውን ታስታውሻለሽ፤ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በሌሊት በደቻቱ ወንዝ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ፈጀ። ደቻቱ እኮ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው።

ሚሚ ግን ካባው ጋ አትደርስም፤ የእሷ አደጋ ቤት ውስጥ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ መታጠቢያ ቤቱን በበርሜልና በባልዲ ሞልተሽዋል። በእሷ ዕድሜ ያለ ሕፃን ከሰውነቱ አንጻር ሲታይ ጭንቅላቱ ከባድ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ሲያይ በጭንቅላቱ ይገባና ራሱን መልሶ ማውጣት አይችልም። ባልዲ ሥር የቀረ ጥቂት ውሃ ይበቃል። በሩ ከውጭ በኩል ከፍ ያለ መቀርቀሪያ ይደረግለት።

አሁን ደግሞ ስለ ሠራተኛሽ ልንገርሽ፤ አትቀየሚኝ። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ግን እንጀራ ትጋግራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ሱቅ ትላካለች። እንዲህ የሚሯሯጥ ሰው ልጅ ይጠብቃል ማለት ራስን ማታለል ነው። ልጅ የሚጠብቅ ሰው ሌላ ሥራ አይኖረውም፤ ስልክም አይነካም። በርሽን ቆልፈሽባቸው ሂጂ አልልሽም፤ ልጅ መሮጥ አለበት፤ እሳት ቢነሳስ በየት ይወጣሉ? ከብሎኩ እናቶች ጋር ተነጋገሩና እንደ ዕቁብ ተራ ይውጣላችሁ። ዛሬ የእገሊት ቀን ነው ከተባለ እሷ ከልጆቹ ጋር ትውላለች፤ ሌላው ወደ ሥራው ይሄዳል።

ብርዱ ሲመጣ ከሰል ምድጃው ዙሪያ መክበባቸው አይቀርም። ጀበናና ረከቦት እነሱ በማይደርሱበት ቦታ ይሁን። ቢቃጠሉ ቶሎ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሺበት፤ ቧንቧው ከሌለ ከበርሜሉ እየቀዳሽ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሚሉሽን አትስሚ፤ ሐኪሙ የተቀባውን ሲያነሳ ልጁ ዳግም ይሠቃያል።

ቡሄ ሲደርስ ማሙሽ ችቦ ዳር የናይለን ጃኬት እንዳይለብስ፤ ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጅራፍ የሚያጮኸውም ሰው የሌለበት ሰፊ ቦታ ላይ ይሁን፤ ጫፉ ዓይን ያጠፋል።

939 የእሳትና አደጋ፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። በትልቁ ጽፈሽ በሩ ላይ ለጥፊው፤ ሠራተኛሽም ማሙሽም በቃላቸው ይያዙት።

የበርሜሉን አፍ ስፋት ለክተሽ ላኪልኝ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርጄ መቆለፊያ ያለው ክዳን አሠርቼ ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ።

እናትሽ