የእንግሊዝኛ ንባብ ክበብ ዓመት፦ ፔንግዊኑ፣ ቶጎና ሌሎችም

ስለ ክበባችን ጻፍ ስባል ሪፖርቱን ልገለብጥላችሁ ነበር። "ዓላማ፣ የተከናወኑ ተግባራት፣ ያጋጠሙ ችግሮች" የሚለውን ማለቴ ነው። እሱ ቢሮ ገብቷል፣ የፈለገ እዚያ ያንብበው። እዚህ የምነግራችሁ ልጆቹ ምን እንዳነበቡ፣ በምን እንደተከራከሩና እንግሊዝኛው በየት በኩል ሹልክ ብሎ እንደገባባቸው ነው።

ለማታውቁን፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ላይብረሪው ጥግ ላይ ሰብሰብ ብለን ስለ እንስሳትና ስለ ሌላ ሀገር ኑሮ የተጻፉ አጫጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፎች የምናነብ ነን። ማርክ የለም። ፈተና የለም። ግራመርም ለብቻው አናስተምርም። እናነባለን፣ እንከራከራለን፣ ከዚያ ትንሽ እንጽፋለን። ሰርተፊኬት ፍለጋ የመጡ ነበሩ፣ ብዙም ሳይቆዩ ጠፉ። ደህና ሁኑ ብለናቸዋል።

"ትልልቅ ልጆች ሰብስበህ ስለ ኦክቶፐስ ታስነብባለህ?" ያሉኝ ባልደረቦች አሉ። አዎ፣ አስነብባለሁ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እንግሊዝኛው ገና ልጅ ነው፣ አእምሮው ግን ልጅ አይደለም። በእንግሊዝኛው ልክ የተጻፈው የሕፃናት ጽሑፍ ይሰለቸዋል፤ በአእምሮው ልክ የተጻፈው ደግሞ ሁለተኛው መስመር ላይ ይጥለዋል። ስለ እንስሳት የሚጻፍ ነገር ሁለቱን ያስታርቃል። ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው፣ ደሙም ሰማያዊ ነው የሚለውን በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ከባድ ቃል አያስፈልግም። ወሬው ግን አዋቂንም ያስቆማል። "ለምን ሰማያዊ ሆነ?" ያለ ልጅ ቀጣዩን አንቀጽ ሳትለምነው ያነባል። እዚያም በኦክቶፐስ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር የተሠራው እንደኛ በብረት ሳይሆን በመዳብ መሆኑን ያገኛል፣ "ኮፐር" የሚለውን ቃልም ማንም ሳያስጠናው ይዞ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ጀግና ኢምፐረር ፔንግዊን ነበር። እናትየዋ አንታርክቲካ ክረምት ሲገባ አንድ እንቁላል ትጥልና ለአባትየው አስረክባ ወደ ባሕር ትሄዳለች። እሱ እንቁላሉን እግሩ ላይ አስቀምጦ በሆዱ ቆዳ ሸፍኖ ሁለት ወር ያህል ይቆማል። ምንም አይበላም። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ ውስጥ አባቶቹ ተጠጋግተው ይቆማሉ፣ ውጭ ያለው ወደ መሃል፣ መሃል ያለው ወደ ውጭ ቀስ እያለ ይቀያየራል።

እዚህ ላይ ጦርነት ተነሳ። ወንዶቹ በአንድ ድምፅ "እናትየዋ ሰነፍ ናት!" አሉ፣ አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ብድግ ብላ "አንቀጹን ጨርሳችሁታል?" አለቻቸው። አልጨረሱትም። እናትየዋ የሄደችው እንቁላሉ ያደከመውን ሰውነቷን በምግብ ልትጠግን ነው፣ ስትመለስም ለጫጩቷ ምግብ በሆዷ ይዛ ነው የምትመጣው። ለክርክር ያለን ሕግ አንድ ነው፦ የምትለውን ነገር ጽሑፉ ውስጥ በጣትህ አሳይ፣ መስመሩንም በእንግሊዝኛ አንብብ። በአማርኛ መቆጣት ይፈቀዳል፣ ማስረጃው ግን በእንግሊዝኛ ነው። የዚያን ቀን ያቺ አንቀጽ ስንት ጊዜ ጮክ ተብላ እንደተነበበች እኔም አልቆጠርኩም።

ማንም ልብ ሳይለው ሌላም ሥራ ተሠርቷል። ስለ እንስሳት የሚጻፍ ነገር ብዙውን ጊዜ በአሁን ጊዜ ግሥ ነው የሚጻፈው፣ ባለቤቱም "ሂ"፣ "ሺ" ወይም "ኢት" ነው። ሂ ስታንድስ፣ ሂ ዌይትስ፣ ሺ ካምስ ባክ። ያቺ ልጆቻችን ሁሌ የሚጥሏት መጨረሻ ላይ ያለች "ስ" በየመስመሩ ትመጣለች። በክፍል ውስጥ ሕጉን ስጽፍላቸው ይገለብጡታል፣ ሲናገሩ ይረሱታል። እዚህ ግን ፔንግዊኑን እየወቀሱና እየተከላከሉ ስለሚደጋግሙት አፋቸው ለመደው። ሁሉም አይደሉም፣ ግን ብዙዎቹ።

ዲክሽነሪን በተመለከተ ጥብቅ ነኝ። መጀመሪያ ሲነበብ አይከፈትም። በሁለተኛው ንባብ ያልገባህን ቃል ከዙሪያው ገምት፣ ከዚያ በጣም የከለከለህን ብቻ ፈልግ። ግን ይህ የሚሠራው ጽሑፉ ራሱ በልክ ሲሆን ነው። ሁ እና ፖል ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት አንባቢ ያለ ረዳት አንድን ጽሑፍ በደንብ እንዲረዳ ከ100 ቃላት 98 ያህሉን ማወቅ ይኖርበታል ብለዋል። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ሁለት መቶ ቃላት ባሉት ገጽ ላይ ግን የማታውቀው አራት ቃል ብቻ ይሁን ማለት ነው። ስለዚህ የጣት ዘዴን እንጠቀማለን። ለእያንዳንዱ የማታውቀው ቃል አንድ ጣት ታጥፋለህ፣ ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ከታጠፉ ጽሑፉን መልሰህ ሌላ ትወስዳለህ። ያለ ሃፍረት! ይህንን ለማመን የተቸገሩ ልጆች ነበሩ፣ ምክንያቱም የጀመሩትን ፓሴጅ አቁሙ ብሏቸው የሚያውቅ መምህር የለም። የማቆም መብት ካገኙ በኋላ ግን የሚያነቡት በዛ እንጂ አላነሰም።

ቀጭኔ አንገቷ ውስጥ ያለው አጥንት ብዛቱ እንደ ሰው ሰባት ብቻ ነው የሚለውን ያነበበ ልጅ "ይሄ የኅትመት ስህተት ነው" ብሎ ድርቅ አለ። ወደ ባዮሎጂ መምህራችን ዘንድ ሄደ፣ መምህሩ ራሱ ተከትሎት መጣና የአንገት አጥንት ሥዕል ሠሌዳ ላይ ሥሎ ግማሽ ሰዓት አወራን። በእንግሊዝኛ! እኔ ከአንድ ጥግ ቁጭ ብዬ ነበር የምሰማው። ከዓመቱ ምርጥ ፕሮግራሞች አንዱ ያ ነበር፣ እኔ ምንም ያልሠራሁበት።

ቁጥር በእንግሊዝኛ ማንበብም ችግር እንደሆነ ያወቅነው በጎድዊት ነው። ጎድዊት ረጅም መንቁር ያለው የባሕር ዳርቻ ወፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መከታተያ የተደረገለት አንድ ወጣት ጎድዊት ከአላስካ ተነስቶ 13,560 ኪሎ ሜትር በረረና አውስትራሊያ ታዝማኒያ ደሴት ላይ አረፈ። 11 ቀን፣ አንዴም ሳያርፍ። ጽሑፉን በቀላሉ የጨረሱ ልጆች ቁጥሩ ላይ ሲደርሱ በአማርኛ አንብበውት ያልፋሉ፣ ወይ "ሰርቲን"ና "ሰርቲ" ይምታታባቸዋል። እና በ13 ሺህና በ30 ሺህ መካከል ያለውን ልዩነት ለወፏ አስቡላት አልኳቸው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ቁጥር ያለበት ጽሑፍ ማስገባት ጀመርን።

ሁለተኛው ሴሚስተር የሌላ ሀገር ኑሮ ነበር። እዚህ ላይ ሥራውን ገለበጥነው። ከጽሑፉ በታች ያሉትን የኮምፕሪሄንሽን ጥያቄዎች ቆርጬ አወጣሁና ጥያቄውን እነሱ እንዲጽፉ አደረግኩ። ትሮምሶ የምትባለውን የኖርዌይ ከተማ ስናነብ ደንግጠው ነበር። በፈረንጆቹ ከኖቬምበር መጨረሻ ገደማ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም፣ በበጋቸው ደግሞ ከሜይ አጋማሽ በኋላ እስከ ጁላይ መጨረሻ ገደማ አትጠልቅም። ጥያቄው ዘነበ። ልጆች መቼ ነው ተኙ የሚባሉት? ዶሮ መቼ ይጮኻል? እኩለ ሌሊት ላይ ኳስ ይጫወታሉ? ሁሉም በእንግሊዝኛ መጻፍ ነበረበት፣ እና "ዱ" እና "ደዝ" የሚባሉት ነገሮች ድንገት ጥቅም አገኙ። ልጆቻችን ዓመቱን ሙሉ መልስ ሲሰጡ ነው የሚኖሩት፣ ጥያቄ የሚጠይቀው እኛ ነን። አንድን ቋንቋ ሳይጠይቁበት እንዴት እንደሚማሩት እንጃ። መሬት ዘንበል ብላ መዞሯን ለማስረዳት የጂኦግራፊ ክፍሉን ሉል ተውሰን ነበር። (ተመልሷል፣ አትጨነቁ።)

ከአውስትራሊያ የወሰድነው "ስኩል ኦፍ ዚ ኤር" ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 አሊስ ስፕሪንግስ ላይ የተጀመረ፣ በጣም ሩቅ በሆኑ የከብት እርባታ ጣቢያዎች የሚኖሩ ልጆች በሬዲዮ የሚማሩበት ትምህርት ቤት። የተጠቀሙትም በአውሮፕላን እየዞሩ ሩቅ ቦታ ያሉ ሰዎችን የሚያክሙትን የ"በራሪ ሐኪሞች" የሬዲዮ መሥመር ነው። ዛሬ በኢንተርኔት ሆኗል። ከተጻፉት ጥያቄዎች ሁሉ ያሳቀን "ልጁ ሽንት ቤት መሄድ ሲፈልግ ለማን ነው እጁን የሚያወጣው?" የሚለው ነበር።

ጃፓን ላይ ደግሞ ነገሩ ከረረ። በብዙ የጃፓን ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ክፍላቸውንና ኮሪደራቸውን ራሳቸው ያጸዳሉ፣ ምሳም በተራ ያድላሉ። ግማሹ "ትክክል ነው" አለ፣ ግማሹ እኔን አየት አድርጎ ዝም አለ። ሐሳቡን እዚህ እንዳላመጣው ፈርተው ይመስለኛል። የጻፉትን ስሰበስብ ግን ሁሉም ጽሑፍ ላይ አንድ ነገር አየሁ፦ "ጃፓኖች ሁሉ እንዲህ ናቸው፣ ውጭ ሀገር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው።" ውጭ ሀገር የሚባል አንድ ሀገር ያለ ነው የሚመስለው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ነገር አስገዳጅ ሆነ። የሀገሩና የቦታው ስም ይጠራል፣ "ኦል" የሚለውን ቃል የሚጽፍ ደግሞ ማስረጃ ያመጣል። ማስረጃ ሲያጡ "ሜኒ"፣ "ሞስት"፣ "ሰም" የሚሉት ቃላት ወረቀታቸው ላይ መታየት ጀመሩ። እኔ ይህንን ከግራመር በላይ ነው የምቆጥረው። ፊንላንድ ውስጥ ግዴታ ትምህርት የሚጀመረው በ7 ዓመት መሆኑን ሲያነቡ አንዱ "በፊንላንድ ልጆች ሁሉ ዘግይተው ነው የሚማሩት" ሊል ሲል ጓደኞቹ "ኦል?" ብለው ሲያቋርጡት በሆዴ ሳቅኩ።

ያለፈ ጊዜ ግሥ ስንፈልግ ወደ ውሾች ሄድን። ሃቺኮን ብዙዎቻችሁ ሳትሰሙ አትቀሩም። ጌታው የቶኪዮ ፕሮፌሰር ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ሥራ ቦታ ላይ ሞተ። ውሻው ሺቡያ ባቡር ጣቢያ እየሄደ እስከሞተበት እስከ 1935 ጠበቀው። ሐውልቱ የቆመለት በ1934 ነው፣ በሕይወት እያለ። ልጆቹ ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ አንዱ "እዚያ ምግብ የሚሰጠው ሰው ኖሮ ቢሆንስ?" አለና ስሜቱን ሁሉ አበላሸው። ክርክሩ እስካሁን አላለቀም።

ከሁሉም የተወደደው ግን የአላስካው ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ክረምት ኖም በምትባል ከተማ ዲፍቴሪያ የሚባል ጉሮሮ የሚዘጋ ተላላፊ በሽታ ገባ፣ አውሮፕላን አልተቻለም፣ መድኃኒቱ ባቡር እስከሚደርስበት ከመጣ በኋላ ቀሪውን 1,085 ኪሎ ሜትር ገደማ 20 ሰዎችና 150 ያህል ውሾች በበረዶ ተንሸራታች እየተቀባበሉ አምስት ቀን ተኩል ባልሞላ ጊዜ አደረሱት። የመጨረሻውን ምዕራፍ የመራው ውሻ ባልቶ ይባላል። ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ በዚያው ዓመት ሐውልት ቆመለት። ረጅሙንና አደገኛውን መንገድ የመራው ግን ቶጎ ነበር። ዝናው የባልቶ ሆነ።

ልጆቹ ተናደዱ። ከልባቸው! "እንጻፍለት" አሉ፣ እና በቶጎ ስም ለባልቶ የተጻፉ ደብዳቤዎች ጎረፉ። አንዳንዱ ስድብ ነበር፣ አንዳንዱ ይቅርታ። አንዲት በክበቡ ውስጥ ድምፅዋን ሰምተን የማናውቅ ልጅ የጻፈችው አንድ ገጽ ሙሉ ነበር። መጀመሪያው መስመር "ዲር ባልቶ፣ ናይስ ስታቹ" ይላል፣ ከዚያ ስለ ሐውልቱ አንድም ቃል ሳትጨምር በረዶውን፣ ነፋሱንና የተሰነጠቀውን የባሕር በረዶ ብቻ ትተርካለች። ግሦቹ ሁሉ ትክክል አይደሉም። ሚኒ ሚዲያ ላይ ስታነበው ግን በሰልፍ ላይ የነበረው ተማሪ ጸጥ ብሎ ነው የሰማት፣ ይህ ደግሞ በእኛ ሰልፍ ላይ ስንቴ እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ውጤታቸው ጨመረ ወይ ለምትሉኝ፣ አልለካሁም፣ ለመለካትም አልተነሳሁም። ያየሁትን ልበላችሁ። ከላይብረሪው የእንግሊዝኛ መደርደሪያ መጽሐፍ የሚዋሱ አባላት አሉ፣ ለእኔ ሳይነግሩኝ። ሲያወሩ የሚሳሳቱት አሁንም ብዙ ነው፣ ለመሳሳት መፍራታቸው ግን ቀንሷል። ዝም የሚሉም አሉ። አንዳንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አዳምጦ ሄዷል፣ እሱንም አልቀጣንም።

የጎደለን ነገር ወረቀት ነው። አንድ ቅጂ ለአራት ልጅ ሲሆን አንዱ ያነባል፣ ሦስቱ የእሱን ጆሮ ያያሉ። ለከርሞ ጽሑፎቹን በክላሰር አስቀምጠን በየዓመቱ መልሰን የምንጠቀምበትን መንገድ እየፈለግን ነው፣ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ኃላፊም እኔን ሲያይ መደበቁን ቢተው ደስ ይለኛል።

በሚቀጥለው ዓመት ልጆቹ የመረጡት ጥልቅ ባሕር፣ ቁራና ጉንዳን ነው፣ ከሀገር ደግሞ አይስላንድና ሞንጎሊያ። ደብዳቤዎቹ ላይብረሪው ግድግዳ ላይ እስከ ትምህርት መዝጊያ ይቆያሉ። ምዝገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነው፣ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው፣ እንግሊዝኛ እችላለሁ የሚልም አልችልም የሚልም ይምጣ። የራሳችሁን ጽሑፍ ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ፣ ከአንድ ገጽ ግን አይብለጥ።