መቀሱን አስቀምጥልኝ

ሰይዶ፣ እንዴት ከረምክ? እናትህ፣ ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው? ዝም ማለቴን አውቀዋለሁ፤ ስንገናኝ ትወቅሰኛለህ፣ እኔም እሰማለሁ። አሁን ግን ከወቀሳው በፊት መቀሱን አስቀምጥልኝ።

ከሐይቅ ከተማ የመጣ ሰው እንዳጫወተኝ ውሻው አንበሴ ጭጎጎት፣ ያን ጠጉር ላይ የሚጣበቀውን ፍሬ፣ ለብሷል፤ ከጆሮው ሥር ጠጉሩ ተድቦልቡሏል፤ አንተም እንደ በጎችህ ልትሸልተው ነው። በግ በመሸለት የሚስተካከልህ እንደሌለ እመሰክራለሁ፤ የውሻው ግን ሌላ ነው። ጠጉሩ ሲቋጠር ቆዳውንም ስቦ ወደ ቋጠሮው ያስገባዋል። ከጆሮ ጀርባና ከብብት ያለው ቆዳ ደግሞ ስስ ነው። ጠጉር የቆረጥክ እየመሰለህ ቆዳውን ትቀደዋለህ።

ሰውዬው ሲወጣ ጣል ያደረገው ነገር ነው ይበልጥ ያስጨነቀኝ። ራሱን ያራግፋል፣ ወደ አንድ ጎንም ያዘነብላል አለኝ። ይህ የጭጎጎት ሥራ አይመስለኝም። ጥቅምት ነው፣ ሰንበሌጡ ደርቋል፤ ፍሬው ጆሮው ውስጥ ገብቶ ይሆናል። የሰንበሌጥ ፍሬ ጫፉ ሹል ነው፤ ጠጉሮቹ ወደ ኋላ የተነጠፉ ስለሆኑ አንዴ ከገባ አይመለስም። ጭራው እርጥበት ሲያገኝ ይፈታል፣ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፤ እንዲህ እያለ ወደ ውስጥ ይሰረስራል። የገብስ ጢምም አንዴ ከገባ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አያውቅም። ስለዚህ አደራህን፣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ አትስደድ፣ ዘይት አታፍስ፣ በወረንጦም አትፈልግ። የውሻ ጆሮ ቀዳዳ ወደ ታች ወርዶ ይታጠፋል፤ አንተ የምታየው አፉን ብቻ ነው። ሐኪም በመብራት አይቶ፣ ካስፈለገም አደንዝዞ፣ በረጅም መቆንጠጫ ያወጣዋል። ከዘገየ ታምቡሩን ሊበሳ ይችላል።

ሌላም ቦታ ይገባል። ድንገት ደጋግሞ ካስነጠሰ አፍንጫውን፣ አንድ ዓይኑን ከጨፈነ ዓይኑን ጠርጥር። በጣቶቹ መካከል አብጦ የሚያዥ ቀዳዳ ካየህና እሱም ሲልሰው ከዋለ፣ እዚያም ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ወደ ጭጎጎቱ ልመለስ። ልጅህ ጫማ ላይ ያለውን ጨርር የሚል ማጣበቂያ ታውቀዋለህ? ጆርጅ ደ ሜስትራል የሚባል የስዊዘርላንድ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1941 ከአደን ሲመለስ ከውሻው ጠጉር የነቀለውን የዚህ ዓይነት ፍሬ አጉልቶ ሲያየው፣ ጫፉ ሁሉ መንጠቆ ሆኖ አገኘው፤ ማጣበቂያው የተወለደው ከዚያ ነው። እሱን ከጫፉ ጀምረህ ስትልጠው ይላቀቃል፣ ባንዴ ስትጎትተው ግን እምቢ ይላል። ጭጎጎቱም እንዲሁ ነው። በግራ እጅህ ሁለት ጣት ጠጉሩን ከቆዳው አጠገብ ቆንጥጠህ ያዝ፤ ያኔ ጉተታው ቆዳው ላይ አይደርስም። በቀኝህ ጥቂት ጥቂት ጠጉር እያወጣህ ፍሬውን ነጻ አድርገው። ትልቁንና ደረቁን በፒንሳ ጨፍልቀው፣ መንጠቆው ይሰበራል። እምቢ ካለ የምግብ ዘይት ጠብ አድርግበት። ላምባ ግን በፍጹም፤ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ሲልሰውም ይመርዘዋል። ሳትፈታው አትጠበው፣ ቋጠሮው ውኃ ሲነካው ይጠብቃል። ተለንጅ ሰፋ ባለ የብረት ማበጠሪያ ይወጣል፤ ከጠጉሩ ጫፍ ጀምረህ ወደ ሥር ውጣ። ኩርንችት መዳፉ ላይ ነውና እያንዳንዱን ጣት ገልጠህ እይ።

መቁረጥ ግድ ከሆነ ማበጠሪያውን በቆዳውና በቋጠሮው መካከል አስገብተህ ከማበጠሪያው በላይ ቁረጥ። ቋጠሮውን በጠጉሩ አቅጣጫ ሰንጥቀው እንጂ አግድም አትቁረጠው። የነቀልከውንም ወደ ምድጃው ጨምረው፤ ጓሮ ከጣልከው ዘር ነው፣ ለመጪው ዓመት ተከልከው ማለት ነው።

ይሄን ሁሉ ከመስክ እንደገባ፣ ሳይተኛ ብታደርገው ነው የሚሻለው። ካደረ በጥርሱ መንቀል ይጀምራል፣ መንጠቆው ምላሱና ድዱ ላይ ይተከላል። ለሃጩ ከበዛና ምግብ ከተወ አፉን ለሐኪም አሳይ።

አንድ ነገር ደግሞ... እንዴት ብዬ እንደምልህ እንጃ። ምራቁ ልብስህን እንዳይነካ ለሶላትህ እንደምትጠነቀቅ አውቃለሁ፤ ይህን ሁሉ ከአንተ መጠየቅ ይከብደኛል። ለዚህ ሥራ የሚሆን አሮጌ ጋቢና ጓንት ለይተህ ያዝ። ሲያመው ይናከሳልና አፉን በሻሽ ጠምጥመህ ከአገጩ በታች አሳልፈህ ከጆሮው ጀርባ እሰረው፤ ሲያለከልክ ግን አትሰረው። ከነከሰህ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠብ፤ ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ። የኛው ውሻ ነው ብለህ እንዳትተወው፣ ሰይዶ።

አብሽር፣ ለጆሮው ብቻ ፍጠን። ነገ በመጀመሪያው መኪና ወደ ደሴ አምጣው፣ መናኸሪያው በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። ማታ ከበላ በኋላ ምግብ አትስጠው፤ ማደንዘዣ ካስፈለገ ሆዱ ባዶ ይሁን። ውኃ ግን አትከልክለው።

ወዳጅህ