«የማይዳሰስ ሀብት» የባንኩ ስም አይደለም

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ቅዳሜ ያወጣችሁትን የባንክ ዘገባ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ዓይኔን ባለማመን፣ ሦስተኛውን ደግሞ ጡረታ የወጡ መምህር የሆኑ ጎረቤቴ ጋዜጣውን ይዘው በሬን ስላንኳኩ ነው። በሂሳብ መግለጫው ላይ «የማይዳሰሱ ሀብቶች» የሚለውን መስመር ዘጋቢያችሁ ባንኩ ለዓመታት ያፈራው መልካም ዝና በብር ሲተመን ነው ብሎ ጻፈ። ለዚህም የማስታወቂያ ኃላፊ አነጋግሯል። አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ግን አልጠየቀም።

ከዚያ መስመር ጎን የማብራሪያ ቁጥር አለ። ቁጥሩን ተከትሎ ወደ ኋላ የገለጠ ሰው የሚያገኘው የኮምፒውተር ሶፍትዌር ነው፦ የተገዛበት ዋጋ፣ በየዓመቱ የተቀነሰለት፣ የቀረው። ሌላ ምንም የለም። ዘጋቢው ገጽ ለመግለጥ ጊዜ አጣ እንበል፤ አርታኢውስ?

ባንክ ራሱ ያፈራውን ስም ሀብት ብሎ መመዝገብ አይችልም። ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 38 ይከለክለዋል፤ ለስሙ ምን ያህል ወጪ እንደወጣ የሚያሳይ የሚታመን ልኬት የለምና። ደረጃው ከከለከላቸው መካከል የደንበኞች ዝርዝርና፣ ልብ በሉልኝ፣ የጋዜጣ ስያሜ ይገኙበታል። በየሳምንቱ ከፊት ገጻችሁ አናት ላይ የምታትሙት ስም በራሳችሁ መዝገብ ላይ አንዲት ሳንቲም አይሆንም። የራሳችሁን የሂሳብ ሹም ብትጠይቁ በሁለት ደቂቃ ይነግራችሁ ነበር።

መልካም ዝና ወደ መዝገብ የሚገባው አንድ ባንክ ሌላውን ሲገዛ ብቻ ነው። የሚገዛው ባንክ ሀብት በወቅቱ ዋጋ 30 ቢሊዮን ብር፣ ዕዳው 24 ቢሊዮን ቢሆን የተጣራው 6 ቢሊዮን ነው። ከነባር አስቀማጮቹ ጋር ያለው ግንኙነት ተለይቶ በግማሽ ቢሊዮን ቢገመት 6.5 ይሆናል። ገዢው 8 ቢሊዮን ከከፈለ ልዩነቱ 1.5 ቢሊዮን መልካም ዝና ተብሎ ይጻፋል። እንደ ሶፍትዌሩ በየዓመቱ አይቀነስም፤ ነገር ግን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ዋጋው መጉደል አለመጉደሉ ይፈተሻል። አንዴ ከጎደለ ደግሞ ተመልሶ አይሞላም።

ስም ብቻውን ዋጋ ቢሆን ኖሮ በ1856 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የስዊዘርላንዱ ባንክ ክሬዲት ስዊስ በ2023 በ3 ቢሊዮን የስዊስ ፍራንክ ባልተሸጠ ነበር። ገዢው ሌላው የስዊስ ባንክ ዩቢኤስ የከፈለው ከተረከበው የተጣራ ሀብት እጅግ ስላነሰ ልዩነቱን፣ ወደ 29 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ፣ ትርፍ ብሎ መዘገበው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በጎረቤቴ ምክንያት ነው። ጋሼ ከጡረታቸው ቆጥበው በዚያ ባንክ አክሲዮን ገዝተዋል። «ልጄ፣ ስሙ ብቻ ይህን ያህል ካወጣ ተበድሬም ቢሆን ልጨምር» አሉኝ። ማብራሪያውን ገልጬ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አወለቁና ዝም አሉ። እኔ ጎረቤታቸው ባልሆን ማን ይነግራቸው ነበር?

የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ በኋላ ባንኮች ሂሳባቸውን ወደ ዓለም አቀፉ ደረጃ ሲያዞሩ እኔም ከሠሩት አንዷ ነበርኩ። ልጄን እናቴ ጋ ትቼ ቢሮ ያደርኩባቸውን ሌሊቶች አልቆጠርኳቸውም። እያንዳንዱን የሶፍትዌር ፈቃድ ከነውሉ ፈልገን፣ የአገልግሎት ዘመኑን ለክተን፣ ከኦዲተሮች ጋር ተከራክረን የጻፍነው ማብራሪያ ነው። እናንተ ሳታነቡት አለፋችሁት፤ ድካማችንንም የማስታወቂያ ክፍል ሥራ አደረጋችሁት። ያስቆጣኝ ይህ ነው።

ነገሩ ደግሞ ከእንግዲህ ይብሳል። ብሔራዊ ባንክ የእያንዳንዱ ባንክ የተከፈለ ካፒታል፣ ማለትም ባለአክሲዮኖች ከፍለው ያስገቡት ገንዘብ፣ እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. 5 ቢሊዮን ብር እንዲደርስ ካዘዘ ወዲህ የባንኮች ውህደት በየስብሰባው ይነሳል። ባንኮች ሲገዛዙ እውነተኛው መልካም ዝና በመዝገባቸው ላይ ይመጣል። ያን ጊዜ አንባቢ ማወቅ ያለበት፣ ባዝል በሚባለው ዓለም አቀፍ የባንክ ቁጥጥር ደንብ ተቆጣጣሪው የባንኩን ዋና ካፒታል ሲለካ ይህን ሀብት ቀንሶ እንደሚያወጣው ነው፤ ባንክ ሲወድቅ ለአስቀማጭ የሚመለስ ብር አይወጣውምና። ዘገባችሁ የባንኩ ጥንካሬ ማስረጃ ብሎ ያቀረበው ተቆጣጣሪ መጀመሪያ የሚሰርዘውን ነው።

እርማቱን በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡት። ጋሼ ጋዜጣችሁን የሚገዙት ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ትንንሽ ፊደል ማንበብም አይችሉም።

የባንክ ሂሳብ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ